ከጠመንጃ ወደ ካሜራ፤ የካርል ኤክሊ ሕይወትና ሥራ

ከተማሪዎቻችን መካከል ብዙዎቹ በዛሬው ቀን በኪሳቸው በሚይዙት ስልክ የሚጋልበውን ፈረስ፣ የሚበረውን አሞራ፣ የሚጨፍረውን ሰው አንሥተው ወዲያው ለባልንጀሮቻቸው ያሳያሉ። ነገሩ እጅግ ከመቅለሉ የተነሣ፣ ይህ ሥራ ከባድ የነበረበት ዘመን መኖሩን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ሲኒማ በተፈጠረበት በመጀመሪያው ዘመን ግን የተንቀሳቃሽ ሥዕል ማንሻው መሣሪያ ካቆሙት ቦታ በቀላሉ የማይነቃነቅ ስለ ነበረ፣ ሰዎች በፊቱ ይመላለሱለት ነበር እንጂ እሱ ሰዎችን ተከትሎ አይዞርም ነበር። ይህ መሣሪያ የሚሮጠውን እንዲከተል፣ ተራራ ወጥቶ ጫካ ገብቶ በዚያ ያለውን እንዲያይ ካደረጉት ሰዎች መካከል አንዱ ካርል ኤክሊ የተባለው አሜሪካዊ ነው። ለፈጠራው ምክንያት የሆነው ችግር የደረሰበት በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ ከተማ ሳይሆን በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳ ላይ ነው፤ በመጨረሻም አጥንቱ ያረፈው በአፍሪካ ተራራ ላይ ነው። ስለዚህ ታሪኩ በዚህ በመምህራን ማኅበር የመታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ ቢገባ ለአንባቢ ይጠቅማል ብዬ አሰብሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ካርል ኤክሊ በ1864 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ግዛት፣ ክላሬንደን በተባለች የገጠር መንደር አጠገብ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለደ። ትምህርት ቤት የቈየው ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር። ነገር ግን ገና በልጅነቱ የወፎችንና የዱር አራዊትን አኳኋን አተኵሮ መመልከት ይወድ ነበር፤ የሞቱትንም ወፎች ቆዳ ገፎ በሕይወት እንዳሉ አስመስሎ ማቆም ጀመረ። አባቱ በእርሻ ሥራ እንዲረዳው በሚጠብቅበት ዕድሜ፣ ልጁ ልቡን የሰጠው ለዚህ እንግዳ ለሆነ የእጅ ሥራ ነበር። ከዚህም የተነሣ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ከቤቱ ወጥቶ፣ ሮቸስተር በተባለው ከተማ ወደሚገኘው ወደ ዋርድ የተፈጥሮ ሳይንስ ድርጅት ሄዶ በአነስተኛ ደመወዝ ተቀጠረ።

በዚያን ዘመን የአራዊትን ቆዳ ለቤተ መዘክር ማዘጋጀት እንደ ጥበብ አይቈጠርም ነበር። ሠራተኞቹ የእንስሳውን ቆዳ ገልብጠው ጭድና ገለባ ይጠቀጥቁበትና እንደ ፍራሽ ይሰፉት ነበር። እንዲህ የተሠራ ሚዳቋ ሆዱ ያበጠ፣ እግሩ እንደ ምሰሶ የተገተረ ሆኖ ይታያል፤ የሚያየውም ሕፃን ስለ ሚዳቋ የሚማረው ነገር የለም። ኤክሊ ይህን ሲያይ አዘነ። በ1885 ዓ.ም. ጃምቦ የተባለው ዝነኛ የሰርከስ ዝሆን በካናዳ አገር በባቡር ተገጭቶ በሞተ ጊዜ፣ ግዙፉን ሥጋ ገፎ ቆዳውን በእንጨት አካል ላይ የማልበሱ ሥራ ለዋርድ ድርጅት ተሰጠ፤ ወጣቱ ኤክሊም ከሠራተኞቹ አንዱ ሆነ። ትልቅ እንስሳን ከውስጥ አጽምና ጡንቻ ጀምሮ መገንባት እንዴት ያለ ነገር እንደ ሆነ የተማረው በዚህ ሥራ ላይ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሚልዎኪ ወደ ተባለው ከተማ ተዛውሮ በዚያ በሚገኘው ቤተ መዘክር መሥራት ጀመረ። በ1890 ዓ.ም. በረግረግ ዳር የሚኖሩትን አይጥ መሰል አራዊት ከነጐጇቸው፣ ከነሣራቸውና ከነውሃቸው አድርጎ በአንድ ትልቅ የመስተዋት ሣጥን ውስጥ አሳየ። እንስሳን ከሚኖርበት ስፍራ ሳይለዩ ማሳየት ዛሬ የተለመደ ነገር ቢሆንም፣ ያን ጊዜ ግን እንደ አዲስ ትምህርት የሚቈጠር ነበር። የሥራውንም ዘዴ ቀስ በቀስ አሻሻለው። በመጀመሪያ የእንስሳውን አካል ይለካል፤ ቀጥሎ በአጽሙ ላይ ሸክላ ጭቃ እየለጠፈ ጡንቻውንና ጅማቱን እንደ ቀራፂ ይቀርፃል፤ ከዚያ በጀሶ ቅርጹን ይወስዳል፤ በመጨረሻም ከውስጡ ክፍት የሆነ ቀላልና ጠንካራ አካል አውጥቶ ቆዳውን ያለብሰዋል። ከጭድ ጠቅጣቂነት ተነሥቶ ቀራፂ ሆነ ማለት ነው።

ወደ አፍሪካ የመጀመሪያ ጕዞውን ያደረገው በ1896 ዓ.ም. ነው። ይህ ዓመት ለእኛ የዐድዋ ድል የተገኘበት ዓመት ስለ ሆነ፣ ከዚያ ዘመን ጋራ አያይዞ ማሰብ ለአንባቢ አይከብድም። ኤክሊ በሺካጎ ከተማ ያለው የፊልድ ቤተ መዘክር ባልደረባ ሆኖ፣ ዳንኤል ኤሊየት ከተባሉት የአራዊት ሊቅ ጋራ በእንግሊዞች ግዛት ሥር ወደ ነበረው ወደ ሶማሌ ምድር መጣ። በዚህ ጕዞ የቈሰለ ነብር ዘሎ ያዘው። ጠመንጃው ከእጁ ስለ ወደቀበት፣ አንድ እጁን በነብሩ ጕሮሮ ውስጥ ወትፎ፣ በጕልበቱም ደረቱን ተጭኖ በባዶ እጁ ገደለው። ይህ ታሪክ በአሜሪካ አገር ስሙን አስጠራው። ሆኖም ኤክሊን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከነብሩ ታሪክ ይልቅ ከዚያ በኋላ የሆነውን ቢከታተል ይበልጣል፤ ነብር የገደለ ጀግና በየአገሩ ሞልቷልና።

በ1905 ዓ.ም. ከሚስቱ ከዴሊያ ጋራ ሆኖ ዛሬ ኬንያ ወደምትባለው ወደ እንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካ ተመልሶ መጣ። በዚህ ጕዞ ጊዜ ገና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የነበረ ጊኩንጉ የተባለ የኪኩዩ ተወላጅ አብሮት መሥራት ጀመረ። ኤክሊ ስሙን ለውጦ ቢል ይለው ነበር። ይህ ልጅ ኮቴ የመከተል፣ አውሬን ከሩቅ የመለየት ችሎታው እጅግ ከፍ ያለ ስለ ነበረ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ በተደረጉት ጕዞዎች ሁሉ ከኤክሊ አልተለየም። ኤክሊም ከጊዜ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ሙሉ ሰጥቶታል።

ኤክሊ ወደ ሺካጎ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ሌላ ፈጠራ አወጣ። የፊልድ ቤተ መዘክር ሕንፃ ግድግዳ እየተላጠ መልኩ በመበላሸቱ፣ በ1907 ዓ.ም. ሲሚንቶን በአየር ኀይል እየገፋ ግድግዳ ላይ የሚረጭ መሣሪያ ሠራ። ይህ የሲሚንቶ መርጫ ከጊዜ በኋላ ለዋሻና ለግድብ፣ ለማዕድን ጕድጓድም ሥራ በመላው ዓለም ተስፋፍቷል። እዚህ ላይ የሰውየውን ጠባይ እናስተውል። ሥራ ሲጐድልበት የሚያማርር ሳይሆን ለዚያ ሥራ የሚሆን መሣሪያ የሚሠራ ሰው ነበረ። ችግር ብልሃትን ይወልዳል የሚለው የአባቶች አባባል በእሱ ላይ ተፈጽሟል።

በ1909 ዓ.ም. ኤክሊ በኒው ዮርክ ባለው በአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ስም፣ ዝሆኖችን ሊሰበስብ እንደ ገና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ሄደ። በዚያው ዓመት ከፕሬዚዳንትነት የወረዱት ቴዎዶር ሩዝቬልትም በዚያ ያድኑ ስለ ነበረ ተገናኙ፤ እሳቸውም ለዚህ ሥራ ዝሆን ገድለውለታል። በ1910 ዓ.ም. ግን በኬንያ ተራራ ጥግ አንድ ወንድ ዝሆን ከቅርብ ተነሥቶ ደረሰበት። ኤክሊ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ገብቶ ሁለቱን በእጆቹ ጨብጦ ወደ መሬት ወደቀ፤ የዝሆኑ ኵምቢ ደረቱን ተጭኖ የጐድን አጥንቶቹን ሰበረ፤ ፊቱም ተገነጠለ። አብረውት የነበሩት ሰዎች የሞተ መስሏቸው ነበር። ዴሊያ ወሬውን እንደ ሰማች ከሰፈር ተነሥታ በጫካ ውስጥ ተጕዛ ደረሰችለት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ታሞ ተኛ። በዚህ በተኛበት ጊዜ፣ የአፍሪካን አራዊት ከነአገራቸው መልክ የሚያሳይ አንድ ታላቅ አዳራሽ ስለ መሥራት ማሰብ ጀመረ።

በዚሁ ጕዞ የገጠመው ሌላ ነገር ግን፣ ምንም እንኳ ደም ባይፈስበት፣ ከዝሆኑ አደጋ ያላነሰ ፍሬ ሰጠ። ኤክሊ የናንዲ ሰዎች አንበሳን ከበው በጦር ሲወጉ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሊያነሣ አሰበ። ናንዲዎች ከጦርና ከጋሻ በቀር ሌላ የማይዙ፣ በድፍረታቸው የታወቁ ሰዎች ናቸው። እሱም በዚያ ዘመን የሚገኘውን ካሜራ ይዞ ተከተላቸው። ነገር ግን አንበሳው ከቍጥቋጦ ወጥቶ ሲወረወር፣ ጦረኞቹም ግራና ቀኝ ሲሯሯጡ፣ ካሜራው ዞሮ ሳይደርስባቸው ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር። ደፋሮቹ ሰዎች የሚገባቸውን ሁሉ ሠሩ፤ ያልቻለው መሣሪያው ነበር። ኤክሊ ከዚያ ሜዳ የተመለሰው ተስፋ የሚያስቈርጥ ፊልም ይዞ ነው።

የዚህን ምክንያት ለመረዳት በዚያ ዘመን የነበረውን የካሜራ አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የፈረንሳይ ተወላጆች የሆኑት የሉምየር ወንድማማቾች በ1895 ዓ.ም. ያወጡት መሣሪያ፣ ኤዲሰን ከሠራው በኤሌክትሪክ ከሚንቀሳቀስ ግዙፍ መሣሪያ ጋራ ሲመዘን ቀላልና ወደ ሜዳ የሚወጣ ነበር። ከዚያም በኋላ የወጡት ካሜራዎች በሰው ትከሻ የሚጓዙ ሆነዋል። ይሁን እንጂ በሦስት እግር ላይ ካልቆሙ አይሠሩም። ፊልሙን የሚያስኬደው አንሺው በእጁ የሚያዞረው መዘውር ነው፤ መዘውሩን በአንድ ሴኮንድ ሁለት ጊዜ ሲያዞር ዐሥራ ስድስት ሥዕል ይነሣል፤ እጁ ከፈጠነ ወይም ከዘገየ በሸራው ላይ የሚታየው ሰው ይቅበጠበጣል ወይም ይንቀረፈፋል። ካሜራውን ወደ ጐን ለማዞር ሌላ መዘውር አለ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ለማዘንበል ደግሞ ሌላ ሦስተኛ አለ። እንግዲህ ሦስት መዘውር በአንድ ጊዜ የሚዞረው ለሦስት እጅ ነው፤ ሰው ያለው ግን ሁለት እጅ ነው። ይህን ለማሸነፍ ሌሎችም ሞክረዋል። ፖላንዳዊው ካዚሚየርዝ ፕሩሺንስኪ በታመቀ አየር የሚሠራ፣ መዘውር የማያስፈልገው ካሜራ ፈጥሮ ነበር። ኤክሊ ግን በሌላ መንገድ ሄደ።

ወደ ኒው ዮርክ ተመልሶ ለዓመታት ከደከመ በኋላ፣ በ1915 ዓ.ም. የፈጠራ መብት የተሰጠውን ካሜራ ሠራ። ይህ ካሜራ እንደ ሌሎቹ አራት ማዕዘን ሣጥን ሳይሆን ክብ ነበረ፤ ስለዚህም ሰዎች በቀልድ ቂጣ ብለው ሰየሙት። ክብነቱ ግን ለጌጥ አልነበረም። ብርሃንን የሚከፍተውና የሚዘጋው መጋረጃ በሌሎቹ ካሜራዎች ውስጥ ትንሽ ዘርፍ መሰል ሳሕን ሲሆን፣ ኤክሊ ግን በካሜራው ዙሪያ ውስጥ ለውስጥ የሚሽከረከር ከበሮ መሰል መጋረጃ አደረገው። በዚህም ምክንያት መክፈቻው ሰፍቶ፣ ወደ ፊልሙ የሚደርሰው ብርሃን ከሌሎቹ በሢሶ ገደማ በለጠ። በጥላ በተሸፈነ ጫካ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈጠራ ግን ካሜራው የተቀመጠበት ራስ ነበር። ኤክሊ ሁለቱን የማዞሪያ መዘውሮች አስወግዶ በምትካቸው አንድ እጀታ አደረገ። አንሺው ይህን አንድ እጀታ ወደ ፈለገበት ሲገፋው ካሜራው ወደ ጐንም ወደ ላይም በአንድ ጊዜ ይዞራል። በውስጡም በጥርሳም መንኰራኵሮች የሚንቀሳቀሱ ከባድ ተሽከርካሪዎች አሉ፤ እነዚህ ተሽከርካሪዎች የእጅን መንቀጥቀጥ ስለሚያስቀሩ፣ ካሜራው ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ ጀልባ ያለ መንገጫገጭ ይዞራል። እንግዲህ አንዱ እጅ ፊልሙን ሲያስኬድ ሁለተኛው እጅ አንበሳውን ይከተላል፤ ሦስተኛ እጅ አላስፈለገም። በተጨማሪም ሁለት ተመሳሳይ ሌንሶች ጐን ለጐን ተተክለው፣ በአንዱ ሥዕሉ ሲነሣ በሌላው አንሺው ያያል፤ የሚያይበትም ቀዳዳ ካሜራው ቢያዘነብልም ከዐይኑ አይርቅም። ፊልሙ አስቀድሞ በተዘጋጀ ማኅደር ውስጥ ሆኖ ይገባል፤ አንዱ ማኅደር 200 ጫማ ይይዛል፤ ይህም በዚያ ዘመን ፍጥነት ከሦስት ደቂቃ ጥቂት ያልፋል። ሲያልቅም ባለቀው ምትክ ሌላውን ማግባት የጥቂት ጊዜ ሥራ ነው።

ይህ ካሜራ በአውሬ አዳኝ ሐሳብ ቢፈጠርም ወዲያው ለሌላ ሥራ ተፈለገ። አሜሪካ በ1917 ዓ.ም. ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ የጦር ሠራዊቱ የመገናኛ ክፍል ካሜራዎቹን ወስዶ በጦር ሜዳ ተጠቀመባቸው። ሮበርት ፍላኸርቲ በካናዳ ሰሜን በበረዶ አገር የሚኖሩትን የኢኑዊት ሕዝብ ሕይወት ባነሣ ጊዜ ሁለት የኤክሊ ካሜራዎች ይዞ ሄደ፤ በ1922 ዓ.ም. ለሕዝብ የታየውና ናኑክ በሚል ስም የታወቀው ፊልሙ የተነሣው በእነዚህ ነው። ካሜራው ብዙ ዘይት የማይፈልግ ስለ ነበረ በዚያ ብርቱ ቅዝቃዜ አልደረቀም። ፖል ስትራንድ የተባለው ዝነኛ ፎቶግራፍ አንሺም በ1922 ዓ.ም. አንድ የኤክሊ ካሜራ ገዝቶ ለብዙ ጊዜ እንጀራውን በእሱ አበሰለ፤ የውስጡን መንኰራኵሮች ውበትም በፎቶግራፍ አንሥቶ አስቀርቷል። በሆሊዉድ ደግሞ የፈረስ ሩጫና የአየር ውጊያ በሚነሣበት ጊዜ የኤክሊ ካሜራ የሚያዞር ልዩ ባለሙያ ይጠራ ነበር። በ1925 ዓ.ም. በወጣው በቤን ሐር ፊልም የሠረገላው ውድድር፣ በ1927 ዓ.ም. በወጣውም ዊንግስ በተባለው የአውሮፕላን ፊልም ይህ ካሜራ ሠርቷል። እንግዲህ ድምፅ በሌለው ሲኒማ ዘመን ተመልካችን ከወንበሩ ያስነሣው የፈረስና የአውሮፕላን ፍጥነት፣ ሥሩ ቢፈለግ ከናንዲዎች የአንበሳ ውጊያ ላይ ይደርሳል።

አሁን ወደ ሰውየው ልብ እንመለስ። በ1921 ዓ.ም. ኤክሊ ቤልጅጎች ይገዙት በነበረው በኮንጎ ምሥራቅ፣ ሚኬኖና ካሪሲምቢ ወደ ተባሉት የእሳተ ገሞራ ተራሮች ሄደ። ያሰበው ለቤተ መዘክሩ የተራራ ጎሪላዎችን ለመሰብሰብ ነበር። በዚያ ዘመን ጎሪላ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚታወቀው ሰው የሚበጣጥስ አስፈሪ አውሬ ተብሎ ነው። ኤክሊ በተራራው ላይ ያየው ግን ሌላ ነው፤ ቤተ ሰብ ሆኖ የሚኖር፣ ቅጠል የሚበላ፣ ካልነኩት የማይነካ ፍጥረት ሆኖ አገኘው። ካሜራውንም ተክሎ በሕይወት ሳሉ አነሣቸው። ይህም በገዛ ጫካው ያለ የተራራ ጎሪላ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ሲነሣ የመጀመሪያው ነው ይባላል።

ይሁን እንጂ በዚሁ ጕዞ አምስት ጎሪላዎች ለቤተ መዘክሩ ተገድለዋል። ኤክሊ የሞቱትን ፊታቸውን በጀሶ ሲቀርፅ፣ እያንዳንዱ ፊት እንደ ሰው ፊት የየራሱ መልክ ያለው መሆኑን አስተዋለ። በዚያን ጊዜ ራሱን እንደ ነፍሰ ገዳይ ቈጠረ፤ ይህንንም ስሜቱን በ1923 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ አልሸሸገም። ዕድሜውን ሙሉ የገደለው እንዳይጠፉ ለማስታወስ ነው እያለ ራሱን ሲያጽናና የኖረ ሰው፣ አሁን የገዛ ምክንያቱ አልበቃው አለ። ጠመንጃው የሚያመጣው ቆዳ ነው፤ ካሜራው ግን ሕይወቱን ያመጣል፤ አውሬውም በቦታው ይቀራል። ይህን ልዩነት ከሌሎች አዳኞች ሁሉ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ያን ካሜራ የሠራው ሰው ነበርና፣ አየው።

ያየውንም በልቡ ብቻ ይዞ አልተቀመጠም። ለቤልጅጉ ንጉሥ ለአልበርት ቀዳማዊ ሐሳቡን አቀረበ፤ እነዚያ ተራሮች ጥይት የማይተኰስባቸው፣ ሊቃውንት ጎሪላዎችን በሰላም የሚያጠኑባቸው ስፍራ እንዲሆኑ ብርቱ ጥረት አደረገ። በ1925 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በንጉሡ ስም የተሰየመው ብሔራዊ ፓርክ ተመሠረተ። በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ይህ ነው፤ ዛሬም ቪሩንጋ ተብሎ ይጠራል።

በ1926 ዓ.ም. ኤክሊ ሁለተኛ ሚስቱን ሜሪ ጆብን ይዞ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አፍሪካ መጣ። በዚያው ዓመት የካሜራው ፈጠራ በፊላደልፊያ ካለው ከፍራንክሊን ተቋም ሜዳልያ አሰጥቶት ነበር። አስቀድሞ በምሥራቅ አፍሪካ ሜዳዎች ከቈየ በኋላ፣ ለጎሪላዎቹ ትዕይንት የሚሆነውን የተራራውን መልክ ሠዓሊ እንዲሥልለት፣ ቅጠሉንና አበባውንም ሊሰበስብ ወደ ሚኬኖ ወጣ። ዕድሜው ስድሳ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ አካሉም በቀድሞው አደጋና በበሽታ ደክሞ ስለ ነበረ፣ በኅዳር ወር በተራራው ላይ በትኩሳት ሞተ። ካባራ በተባለው ሜዳ፣ በሚኬኖና በካሪሲምቢ መካከል ተቀበረ። ሜሪ ጆብ ግን ወደ አገሯ ወዲያው አልተመለሰችም፤ ባሏ የጀመረውን ሥራ በዚያው ፈጽማ ሄደች።

ኤክሊ ያሰበው አዳራሽ በ1936 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ተከፈተ፤ ስሙም የኤክሊ የአፍሪካ አጥቢ እንስሳት አዳራሽ ተባለ። በመካከሉ ስምንት ዝሆኖች እንደ መንጋ ቆመዋል፤ በዙሪያው ሃያ ስምንት ትዕይንቶች አሉ። ከእነዚህ አንዱ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ የማይገኘውን የደጋ አጋዘን ከነተራራው የሚያሳይ ነው። ናንዲዎች አንበሳ ሲወጉ የሚያሳዩ የነሐስ ቅርጾችም በኤክሊ እጅ ተሠርተዋል፤ ካሜራው ያመለጠውን በነሐስ አስቀረው ማለት ነው። እሱ ካባራ ላይ ከተቀበረ በኋላ ደግሞ፣ በ1959 ዓ.ም. ጆርጅ ሻለር፣ በ1967 ዓ.ም. ዳያን ፎሲ በዚያው ሜዳ ሰፍረው ጎሪላዎችን በሰላም ማጥናት ጀመሩ። ሁለቱም ያጠኑት ሳይገድሉ ነው። ፓርኩን በመጠበቅ ላይ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ጠባቂዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል፤ አብዛኞቹም የዚያው አገር ልጆች ናቸው። የተራራ ጎሪላዎች ቍጥር እጅግ ተመናምኖ ከነበረበት ተነሥቶ በ2018 ዓ.ም. ከአንድ ሺሕ ማለፉ ታውቋል።

ይህን ሕይወት ስናመዛዝን ምስጋናውንም ወቀሳውንም በሚዛን ማቅረብ ይገባናል። ኤክሊ በፈጠራው ታላቅ፣ በጸጸቱም ቅን ሰው ነበረ። ነገር ግን ጸጸቱ የመጣው ብዙ ከገደለ በኋላ ነው። ፓርኩም የተመሠረተው በቅኝ ገዥ ንጉሥ ትእዛዝ ስለ ነበረ፣ በተራሮቹ ሥር የሚኖረውን ሕዝብ የጠየቀ አልነበረም። ደግሞም በመጻሕፍት ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ ሲጠራ፣ ካሜራውንና ፊልሙን፣ ጀሶውንና ጨውን በራሳቸው ተሸክመው ያን ገደል የወጡት ሰዎች ስም አይገኝም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ሁሉ፣ ሸክሙን ተካፍለው ያቀለሉት እነሱ ነበሩ፤ ጌጡ ግን ለአንዱ ብቻ ደረሰው። ከእነሱ መካከል ጊኩንጉ ብቻ ስሙ ሊታወስ በቃ፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚጠራው ሌላ ሰው ባወጣለት ስም ነው። ለልጆቻችን የኤክሊን ታሪክ በምናስተምርበት ጊዜ ናንዲዎችንና ጊኩንጉን አብረን ብንጠራ ታሪኩ ይሞላል እንጂ አይጐድልም።

ለእኛ ለመምህራን ግን ከዚህ ሕይወት የሚተርፍ አንድ ልዩ ቁም ነገር አለ። ኤክሊ ከልጅነቱ እስከ ሞቱ የሠራው ሥራ ስሙ ቢለዋወጥም በመሠረቱ ማስተማር ነበረ። በጭድ የተጠቀጠቀው ሚዳቋ ለሕፃን ምንም እንደማይነግረው ስላወቀ ቀራፂ ሆነ፤ እንስሳው ከነስፍራው ካልታየ እውነት እንደማይሆን ስላወቀ ጐጆውንና ሣሩን ጨመረለት፤ የቆመው ቅርጽ ሩጫን እንደማይነግር ስላወቀ ካሜራ ፈጠረ፤ በመጨረሻም፣ አውሬው ከምድር ከጠፋ ካሜራውም የሚያሳየው እንደማይኖር ስላወቀ ስለ ጫካው ተከራከረ። በእያንዳንዱ እርምጃ ራሱን የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ የማሳየው ነገር እውነተኛውን ይመስላልን? መልሱ አይመስልም በሆነ ጊዜ የድሮውን ዘዴ ለመተው፣ የገዛ ልማዱንም ለመኰነን አላፈረም። በክፍል ውስጥ ሙት ትምህርት ይዘን በቆምን ጊዜ፣ ጭዱን ከቆዳው አውጥተን ሕይወቱን የምናሳይበትን መንገድ እንድንፈልግ የእሱ ታሪክ ያሳስበናል። መሣሪያው ከሌለን በገዛ እጃችን እንሥራው፤ ሠርተነውም ያሳየንን ነገር ለመቀበል ዐይናችንን አንጨፍን።